ሰርቪሱ ሊሄድ ነው

ሰርቪስ የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል እኛ አገር ሥራ በዝቶባታል። አብነት ሰፈር የተከራየኋት የጓሮ ክፍል ሰርቪስ ትባላለች። ጎረቤቴ የመኪናውን ዘይት ሲያስቀይር ሰርቪስ አስደረግኩ ይላል። የመንግሥት ሠራተኛውን ወደ ቤቱ የሚወስደውም አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። ባለጉዳይ ማስተናገድም ሰርቪስ ይባላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግቢያችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷልና የጥገና ፈቃድ ላስፈርም ልደታ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተም ያዥዋ ደግሞ የለችም ተባልኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቦርሳዋን አነሳች።

«ወንድሜ፣ ነገ ና። ሰርቪሱ ሊሄድ ነው።»

«የሥራ ሰዓት አላለቀም እኮ።»

«ሰርቪሱ ግን አይጠብቅም።»

ብሽቅ አልኩና ተከትያት አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። ፈራሚው ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ማኅተም ያዥዋ አጠገባቸው ናት።

«እዚህ ድረስ መጣህ?» አሉኝ ፈራሚው።

«ሌላ ቦታ አጣሁዎት ጋሼ።»

ሠራተኛው ሁሉ ሲያየን ጊዜ ሳቅ ብለው ፈረሙልኝ። ማኅተሙም ከያዥዋ ቦርሳ ወጣ፤ ሰንጋ ተራ ሳንደርስ ጉዳዬ አለቀ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ደስ ብሎኝ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ባለጉዳዩ አውቶቡሱ በር ላይ ተሰልፏል። ፈራሚው የት እንዳሉ ጥበቃውን ጠየቅኩት።

«እሳቸውማ አሁን በታክሲ ነው የሚሄዱት» አለኝ።