የቆላፊው ማቀዝቀዣ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል ተረቱ። የሰብል በሽታ ተመራማሪው ሽማግሌ ፕሮፌሰር በዚህ አባባል ብዙ ዕቃ ገዝተዋል፤ ብዙ ጊዜም ከስረዋል። ያከሰራቸው አባባሉ መሆኑን ግን ጠርጥረው አያውቁም።

ተማሪዎች «ቆላፊው» ይሏቸዋል፤ የቤተ ሙከራቸውን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወርዱምና።

አንድ ቀን ከደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ትልቅ ሣጥን የተሸከሙ ወዛደሮች መንገድ ዘጉባቸው። በሣጥኑ ጎን «ማቀዝቀዣ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከኋላ የምትከተለው፣ ማይክሮስኮፕ ማስተካከል ራሳቸው ያስተማሯት፣ ዛሬ ከፊት ለፊታቸው ክፍል ያለችው መምህርት ናት። የሽማግሌውን የማቀዝቀዣ ግዢ ጥያቄ ግን ግዢ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ሳይቀበል መልሶታል። የዕድሜ ልክ ናሙናቸውን የያዘው አሮጌ ማቀዝቀዣ ያቃስታል፤ ለግዢው የተሰጣቸው የምርምር ድጋፍ ገንዘብም ካልተገዛበት ዓመቱ ሲያልቅ ለሰጪው ይመለሳል።

«ለአንዳንዱ ዕቃው በእግሩ ይመጣለታል» አሉ፣ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?»

«ግዢ ክፍል ዘመድ የሌለው ሰው እንዴት ይውላል ብለሽ ነው?»

ሣቀች። እዚያ ያላት ዝምድና «ነዝናዛዋ መጣች» መባል ብቻ እንደሆነ ነግራ፣ የተመለሰውን ወረቀት እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። እያቅማሙ ሰጧት። የዕቃውን መግለጫ የጻፈላቸው ወዳጃቸው ነጋዴ ነበር፦ የፋብሪካው ስም፣ ቀለሙ፣ የእጀታው ቅርጽ ሳይቀር ሰፍሯል።

«ይህማ የሠርግ ጥሪ ነው ጋሼ። ለጨረታው የተጠራውም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ወዳጄ ነዋ! የማላውቀው ነጋዴ ምን እንደሚያሸክመኝ በምን አውቃለሁ?»

«አሮጌውን ማን ሸጠልዎ?»

«እሱው።»

«ሲበላሽስ ማን ጠገነልዎ?»

መለዋወጫው «መንገድ ላይ ነው» ከተባለ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ወዳጅን መጨቅጨቅ ነውር መስሏቸው አልጠየቁም።

«ወዳጅን ዋስትና ስጠኝ ማለት ያሳፍራል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ተጫራችን መጠየቅ ግን አያሳፍርም። የግዢ ደንቡ ወዳጅዎን ሌባ አላለም ጋሼ። እርስዎ ለመናገር የሚያፍሩትን ደንቡ ይናገርልዎታል።»

«ታዲያ ያንቺ ለምን ቀድሞ መጣ?» ቅናታቸው አሁን ገሃድ ወጣ።

«እኔ መልኩን ሳይሆን ሥራውን ነው የጻፍኩት። ምን ያህል ናሙና ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ እስከ መቼ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፣ ሲበላሽ ማን ይመጣል? ይህን የሚያሟላ ሁሉ ተወዳደረ። ደግሞስ የኔ ማን አለው? የዩኒቨርሲቲው ነው። እኔ ብሄድ እሱ ይቀራል፤ ቁልፉም ከበሩ ጎን ይሰቀላል።»

ሽማግሌው ሳያስቡት የአንገታቸውን ቁልፍ ዳሰሱ። ቀናተኛ ሰው የጎረቤቱን ፍሬ ያያል እንጂ ጎረቤቱ የሄደበትን መንገድ አያይም፤ መንገዱ ለእርሱም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ የተዘጋበት እየመሰለው ሲብሰለሰል ይኖራል።

«ወዳጄስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይወዳደራ፤ ማን ከለከለው?»

መግለጫውን እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው እንደ አዲስ ጻፉት። ጨረታው ሲከፈት ያሸነፈው ያው ወዳጃቸው ሆነ። ቀድሞ በወዳጅነት ከጠየቃቸው ባነሰ ዋጋ፣ የጥገና ዋስትና ከነመለዋወጫው ጨምሮ ነበር ያቀረበው። ቆላፊው ከመደሰታቸው በፊት ተናደዱ፤ «ለካ ይችል ኖሯል» አሉ። የሚያውቁትም ሰይጣን ቢሆን ተፎካካሪ ሲያይ ጠባዩን እንደሚያሳምር፣ ደንብም ገዢውን ከሻጩ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ይሉኝታ እንደሚያድን፣ ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቻቸው ሳይነግሩ የቀሩበት ጊዜ የለም። የመምህርቲቱ ማቀዝቀዣ ከእርሳቸው ሰፋ ይል እንደሆነ ግን አሁንም በዓይናቸው ይለካሉ።

በቀጣዩ ክረምት አዲሱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ቆመ። ጠጋኙ በማግስቱ ማለዳ ደረሰ፤ ፕሮፌሰሩ ገና ስላልገቡ ቁልፉን ከበሩ ጎን ከተሰቀለበት አንሥቶ ከፈተ።