ሌላውን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል

ራህመትዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ልጆችሽ ደህና? እንኪ፣ ሚዛንሽን መለስኩልሽ፤ ጌታ ይባርክሽ፣ ጎዳሬዬን ሁሉ መዘንኩበት። ቅዳሜ ገበያው እንዴት ሞቆ ነበር መሰለሽ! ከላይ ከተራራው የወረዱ አንዲት የአሪ እናት «ሁለት ጣሳ ማሽላ በጎዳሬ ለውጪኝ» አሉኝ። ልብ በይ፣ «ሁለት ለውጪኝ» አላሉም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሁለት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ያውቃሉ… ምን ታደርጊዋለሽ፣ አልሠለጠኑማ!

ድምፅ ቀንሺ ነው የምትይኝ? ለምን? በረንዳሽ ላይ የተቀመጡት መምህር ስልካቸውን ቻርጅ እያደረጉ ነው፤ ስለ እሳቸው መች አወራን? እኔ የማወራው ስለ ሌላ… ስለ አንድ የተከበሩ ሰው ነው።

የልጄን የኤልዳናዬን ነገር ሰምተሽ የለ? አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት ከክፍሏ ልጆች ጋር ሂሳብ በኮምፒውተር ተፈተኑ። መልሱ የሚጻፍበት ሳጥን አለ አሉ። ቁጥሩን ታስገቢና ከጎኑ ያለችውን ቁልፍ ነክተሽ ሜትር ነው፣ ሊትር ነው፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ ትመርጫለሽ። በቃ! ልጄ ትናንት በስልክ አሳየችኝ፤ እኔ የጎዳሬ ነጋዴዋ በአንዴ ገባኝ። ይህንን ተምረው ለልጆቹ እንዲያሳዩ ነው እንግዲህ እኚያ የተከበሩት ሰው አርባ ምንጭ ድረስ ሄደው አምስት ቀን የሠለጠኑት። አምስት ቀን! እውቀት መቼም ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ሲመለሱ ታዲያ ባዶ እጃቸውን መጡ? ኧረ በፍጹም! ዓሣ አመጡ። «አራት ኪሎ ዓሣ» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ኪሎዋን አልረሷትም። ሰርተፍኬትም አመጡ፣ በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል… እሳቸው እንኳ ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው የያዙት።

ልጄ እጇን አውጥታ ጠይቃቸዋለች እኮ። «መለኪያውን የት ነው የምናስገባው?» አለቻቸው። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ ሌላውን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል።» በጌታ፣ እንዴት ያለ እምነት ነው! እኛ ስንት ዓመት ቸርች ተመላልሰን እንዲህ ያለ እምነት አላገኘንም።

ኮምፒውተሩ ግን አላወቀውም። የባጃጇን ፍጥነት አርባ አምስት ብላ ጻፈች፤ ቁጥሩ ልክ፣ ውጤቱ ዜሮ። የበርሜሉን ውኃ ስልሳ አለች፤ ልክ፣ ግን ዜሮ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ሠርታ አሥራ ሁለቱም ዜሮ! ሠላሳ ስምንቱም የክፍሏ ልጆች እንደዚያው። ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ ራህመት። «እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። አንጀቴ ቁርጥ አለ! የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ?… እኔን እንኳ ስቶኛል፤ ያገኘው ልጄን ነው።

ትምህርት ቢሮ ሄጄ ለመንኩ። «ልጆቹን ያሠለጠነው ሰው ቁልፏን አላሳየኋቸውም ብሎ አንድ መስመር ይጻፍ፤ እስከ ዓርብ ካመጣሽ ልጆቹ በድጋሚ ይፈተናሉ» አሉኝ፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። አንድ መስመር! ግን እኚያ ሰው «ሥልጠናው መቶ በመቶ ተሰጥቷል» ብለው ሪፖርት አድርገው የለም? አሁን በምን አንጀታቸው ያፍርሱት? ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄድኩ፤ ሦስቴም ሥራ በዝቶባቸዋል። ይሁን፣ አልፈርድባቸውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለ… የእሳቸው ከምስማር ላይ ውሏል፣ እንዴት ያውርዱት? የሠላሳ ስምንት ልጅ ነገር ምን ቁም ነገር ሆኖ!

ኧረ አልተቆጣሁም! ማነው የተቆጣ? ይልቅ እስክሪብቶና አንድ ሉክ ወረቀት አለሽ? ተባረኪ። እዚያ በረንዳው ላይ፣ መምህሩ አጠገብ አስቀምጪልኝ። እጁ የሚታዘዝለት ሰው ድንገት ቢያልፍ ብዬ ነው።

በይ ልሂድ፣ ልጄ ብቻዋን ናት። ለእኚያ ለተከበሩት ሰው ግን ጠዋት ማታ እጸልያለሁ፣ ቂም አላውቅም። ጌታ ጤናቸውን ይጠብቅላቸው። ልጆቻቸውን እንደ ልጄ ያስተምርላቸው። ዕድሜያቸውንም መቶ ያድርግላቸው!… መቶ ምን? ወይ አንቺ! ዓመት ይሁን ቀን እኔ ምን አስጨነቀኝ? ቁጥሩን ብቻ ነው የማስገባው፤ ሌላውን ጌታ ያውቀዋል።

መምህር፣ እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ።