ከለቅሶው ድንኳን የወጣ ድምፅ

ደብረ ብርሃን፣ የጋሽ ደንበሩ አርባ በወጣ ማግስት ከሰዓት፤ በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያፈራው የወንድማቸው ልጅ ምንተስኖት ከሟች ሚስት ከእትዬ ጥሩወርቅ ፊት ተቀምጦ፣ ዓይናቸውን ማየት አፍሮ ስልኩን ያገላብጣል።

ጥሩወርቅ፦ ያን የለቅሶ ቪዲዮ አጥፋው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልለምንህ?

ምንተስኖት፦ አጠፋዋለሁ እትዬ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።

ጥሩወርቅ፦ ትንሽ ጊዜ ካልከኝ ሦስት ሳምንት ሆነህ።

ምንተስኖት፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍቼ የሚከተለኝ አራት መቶ ሰው ነበር። በዚህ ቪዲዮ ስልሳ ሺህ ገባ። አሁን ባጠፋው ሁሉም ጥሎኝ ይሄዳል።

ጥሩወርቅ፦ ይሂዳ! እኔ ወፍጮ ቤት መሄድ ትቻለሁ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሲያየኝ ምን እንደሚል ታውቃለህ?

ምንተስኖት፦ ሰምቻለሁ።

ጥሩወርቅ፦ በል እስቲ ንገረኝ።

ምንተስኖት፦ ኧረ እትዬ፣ በምን አፌ!

ጥሩወርቅ፦ «ራስህ ቅዳ!» ነው የሚለኝ። ድምፄን ቆርጠው፣ በሱ ላይ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይቀልዱበታል አሉ።

ምንተስኖት፦ እሱን እንኳ እኔ አላደረግኩም።

ጥሩወርቅ፦ ደንበሩ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ተናድጄበት ነበርና ራስህ ቅዳ አልኩት። ተነስቶ በርሜሉ ጋ ሲደርስ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እያለቀስኩ ለራሱ ለደንበሩ ነው የነገርኩት። ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቷል፤ አንድም ሰው ግን አንስቶብኝ አያውቅም። በለቅሶ የተባለ እዚያው ይቀራል። አንተ ይህን ሳታውቅ ነው ያደግከው?

ምንተስኖት፦ አውቃለሁ። አፍሬያለሁ እትዬ፣ ከቤት መውጣት ሁሉ አስጠልቶኛል። ለዚህ ነው አንድ ነገር ያሰብኩት።

ጥሩወርቅ፦ ምን አሰብክ ደግሞ?

ምንተስኖት፦ ሌላ ቪዲዮ እንሥራ። ስለ ጋሼ ደግነት ይናገራሉ፣ ሰውም ያዝንልዎታል። የሚቀልዱት ያፍራሉ።

ጥሩወርቅ፦ የአንተም ተከታይ መቶ ሺህ ይገባል።

ምንተስኖት፦ እንደሱ አይበሉ…

ጥሩወርቅ፦ ዋሸሁ?

ምንተስኖት፦ አልዋሹም። እሱንም አስቤዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ለመሆኑ ማነው የቀረጸኝ?

ምንተስኖት፦ ጓደኛዬ ነው አልኩዎት እኮ። እሱ ላከልኝ፣ እኔ መለጠፍ ብቻ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እስከ ትናንት አይቼው አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ አሳየችኝ። ፊቴ ስልኩን ሞልቶታል፣ ትንፋሼ ሳይቀር ይሰማል። ከሩቅ የተቀረጸ አይደለም።

ምንተስኖት፦ ጠጋ ብሎ ይሆናላ።

ጥሩወርቅ፦ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው «አይዞዎት እትዬ» ይለኛል። ድምፁን ለየሁት።

ምንተስኖት፦ የማን ነው?

ጥሩወርቅ፦ ያን ለት ራሴን ስቼ እንዳልወድቅ አቅፈህ ይዘኸኝ ነበር። ደንበሩ ያሳደገው ልጅ ደገፈኝ እያልኩ፣ በዚህ ሁሉ ተናድጄብህም ቢሆን ስመርቅህ ነው የከረምኩት። በየትኛው እጅህ ነበር ያቀፍከኝ?

ምንተስኖት፦ በግራዬ። ስልኩ በቀኜ ነበር፣ እትዬ… እንኩ፣ እዚህ ጋ ይጫኑት፤ ገጹ ራሱ ከነተከታዩ ይጥፋ።