ቃል የተገባባቸው ሦስት ድምፆች

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ዝናቡ ድንገት ወረደብኝና ክፍት ሆኖ ባገኘሁት የመጀመሪያ በር ዘው አልኩ። ቤቱ ላውንድሪ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ካውያ የጨበጡ ጠና ያሉ ሴት ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ዝም ብሎ መጠለሉ አሳፈረኝና ኮቴን አውልቄ «ይቺን ቢተኩሱልኝ» አልኳቸው። ውሃ የሚያንጠባጥብ ኮት እንደማይተኮስ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም ነበር።

«በደስታ፤ ግን መጀመሪያ ይድረቅ» አሉኝ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። «እስከዚያ አረፍ ይበሉ፣ ጋሼ።»

ኮቴ ከማድረቂያው ማሽን አጠገብ ተሰቀለ፤ እኔም በሸሚዝ ብቻ፣ ታግቼ ማለት ይቻላል፣ በሩ ጥግ ካለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቷ ጠባብ ናት። የተተኮሱት ልብሶች ፕላስቲክ ለብሰው በተርታ ተሰቅለዋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማጠቢያው ያጉረመርማል። የሴትዮዋ ልጅ፣ ኮሌጅ የምትማር ወጣት፣ ስልኳን ከሳሙና ካርቶን ጋር አስደግፋ አንሶላ ታጥፋለች። ደንበኛው ሁሉ እናትየዋን «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው።

ምርጫው የፊታችን እሁድ ነው። እናትና ልጅ እኔ ከመግባቴ በፊት ክርክር ጀምረው እንደነበር ወዲያው ገባኝ። እንግዳ መጣ ብሎ ነገር ማቋረጥ የሁለቱም ጠባይ አልነበረምና ካቆሙበት ቀጠሉ።

«አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። «ስልኬ ላይ ያለው የምርጫ መጠይቅ አንድ ሐሳብ ያቀርብልሻል፤ አንቺ እስማማለሁ ወይም አልስማማም ትያለሽ። ፓርቲዎቹም እነዚያኑ ጥያቄዎች መልሰዋል። መጨረሻ ላይ ያንቺ ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ በመቶኛ ያሳይሻል። በቃ ይኸው ነው።»

«እኔ ማንን እንደምመርጥ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ወንድምሽም ያውቃል። ለአጎትሽ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ነገሩን እኔ እንድሰማው ብለው ይሁን ለልጃቸው ለማስታወስ፣ እትዬ ታሪኩን ከሥሩ ዘረገፉት። አጎት የተባለው የሟች ባላቸው የአክስት ልጅ ነው፤ በመሰላል ምልክት ለሚወዳደረው ፓርቲ የሰፈሩ ዕጩ ሆኖ ቀርቧል። ባላቸው ታመው በነበረ ጊዜ ሳምንት ከሳምንት በመኪናው ሐኪም ቤት ያመላለሳቸው፣ ከፎቅ ተሸክሞ ያወረዳቸው እሱ ነው። ድጋፍ ለመጠየቅ ሲመጣ ታዲያ እትዬ አላንገራገሩም፤ «የቤቴ ሦስት ድምፅ ያንተ ነው» አሉት። የእሳቸው፣ የልጅቷና ሥራ ላይ ያለው የወንድ ልጃቸው መሆኑ ነው። ልጅቷ ያን ጊዜም እዚሁ ባንኮኒ አጠገብ ቆማ አንሶላ ታጥፍ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም።

«ይህ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው» አለች ልጅቷ አንሶላውን ደረቷ ላይ ይዛ። «የመጀመሪያዬን እንኳ በስጦታ አትስጪብኝ።»

እትዬ ካውያውን አቆሙ። «ስሚኝ፤ አባትሽን ሐኪም ቤት ያመላለሰው ፓርቲ አይደለም። መጠይቅም አይደለም። እሱ ነው! ቃሌን አጥፌ በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በማስተማር የኖርኩ ሰው ነኝና ሁለት ሰው ሲከራከር አፌን ይዤ መቀመጥ አልችልበትም።

«እትዬ፣ ይፈቀድልኝና» አልኩ፤ «ለዘመድዎ ያለዎት ምስጋና የሚያስከብር ነው። ከተማው እንዴት ይተዳደር የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካጠቧቸው ቀለም ይጋባሉ።»

«እርስዎ ደግሞ ልብስ ማጠብ ሊያስተምሩኝ ነው?» አሉ ወደ ኮቴ እያዩ። ወዲያውም ቀጠሉ። «እሺ፣ ይሁን። ይህን ጥያቄ የሚያወጣው ማነው? የማላውቀው ሰው እያዞረ ጠይቆኝ የፈለገበት ቢያደርሰኝስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ልጅቷ፤ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። «ይህን ያዘጋጁት የዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ናቸው፤ ማን እንደሆኑና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ገጹ ላይ ጽፈዋል። ይህን የማይነግርሽ መጠይቅ ካጋጠመሽ ዝጊው። ስምሽን ወይም ስልክ ቁጥርሽን የሚጠይቅሽንም እንደዚያው።»

«ታዲያ ይኼ ስልክ ሊመርጥልኝ ነው?»

«አይመርጥልሽም። ልብስ አንገት ላይ የምትሰፋውን ምልክት ታውቂያት የለ? በዚህን ያህል ሙቀት ተኩሱኝ ትላለች። ካውያውን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። «ያቺን ምልክት አምኜ ስንቱን ሹራብ አኮማተርኩ መሰለሽ! በሙቅ ውሃ እጠቡኝ ትላለች፣ ሲወጣ ለአሻንጉሊት ይሆናል።»

«ታዲያ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምልክቷን አያለሁ፤ ከዚያ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ እሞክረዋለሁ።»

«እንግዲህ መጠይቁም እንዲሁ ነው» አለች ልጅቷ። «ውጤቱን ታያለሽ፤ ከዚያ ፓርቲው የጻፈውን ታነቢያለሽ፣ ሰውየውን ራሱን ትጠይቂዋለሽ። የምን ጥያቄ ይዘሽ እንደምትሄጂ ግን ታውቂያለሽ።»

እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳም ነበር። እዚህ ላይ ስለራሳችን ስለተማርን ሰዎች አንድ ነገር ልበል፦ ብዙዎቻችን ይህን መጠይቅ ሞልተን የወጣልንን መቶኛ ለጓደኛ እናሳይና ወደ ሌላ ጨዋታ እናልፋለን። ፓርቲው ለምን እንዲያ እንደመለሰ ከሥር የተጻፈውን የሚከፍት ጥቂት ነው። በዚህ መልኩ ከሞሉት ባይሞሉትም ያው ነው።

እትዬ ለመስማማታቸው ምልክት ሳይሰጡ አዲስ ሸሚዝ ዘረጉ። «እጄ ሥራ ይዟል። አንብቢልኝ፤ ለቀልድ ያህል።»

ልጅቷ ፊቷ በራ። ስልኳን አንስታ ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች እትዬ በጨዋነታቸው ተቸገሩ፤ «ይህም እውነት አለው፣ ያኛውም እውነት አለው» እያሉ ሁሉንም «ገለልተኛ» አሰኟት። ሰው ፊት አልስማማም ማለት ነውር ሆኖባቸው ነበር። ልጅቷም፣ «እማዬ፣ ማንም አይቀየምሽም፤ የሚሰማሽ እኔና ጋሼ ብቻ ነን» አለቻቸውና ትንሽ ደፈሩ። «የሰፈሩ ክሊኒክ ሌሊት ይዘጋ» የሚለውን ስታነብላቸውማ ሳያስቡት ካውያውን ወደ ላይ አንስተው «ፈጽሞ አይዘጋም!» አሉ።

ቀጥሎ ልጅቷ «አረጋውያን በከተማ አውቶቡስ በነፃ ይጓዙ» ብላ አነበበችና ወዲያው ነካ አድርጋ አለፈች።

«ቆይ» አሉ እትዬ። «ምን ብለሽ ነው የነካሽው?»

«በጣም እስማማለሁ።»

«እኔ መቼ ተናገርኩ?»

«ያው በዕድሜሽ... እንደምትስማሚ አውቄ ነዋ፣ እማዬ።»

«አታውቂም! መክፈል የሚችል ሽማግሌ ለምን አይከፍልም? ያን ገንዘብ ለተማሪ ያድርጉት። እኔ አልስማማም ልል ነበር። ሳትጠይቂኝ እኔን ሆነሽ ትመልሺያለሽ?»

ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እውነትሽን ነው» አለች። «ይቅርታ።» ወደ ኋላ ተመልሳ መልሱን አስተካከለች።

እትዬ ግን አልተቆጡም። የሸሚዙን ኮሌታ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አገላበጡ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለካ እንዲህ ነው የሚያናድደው» አሉ። «ያን ቀን ላንቺ የመለስኩልሽ እኔ ነኝ። እኔም እኮ አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ልጅቷ እጃቸውን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ፤ የትኛውም ትምህርቴ እዚያ መሐል አያስፈልግም ነበር።

«በይ ወዲህ በይው» አሉ እትዬ። ካውያውን አጠፉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን ከልጃቸው ተቀበሉ። ከዚህ በኋላ ያነበቡት ራሳቸው ናቸው፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንዳንዱ ላይ ጣታቸውን አንስተው ረዘም አድርገው እያሰቡ። ለሳቸው የበለጠ ክብደት ያለውን ጉዳይ ምልክት ማድረግ እንደሚቻል ልጅቷ ስታሳያቸው ክሊኒኩን ነኩ። አንዱ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ብዙ ውሃ የሚጠቀሙ ትናንሽ ድርጅቶች ከመኖሪያ ሰፈር ወጥተው ከከተማ ዳር ይሥሩ።»

«ይኼ እኛ ነን እኮ!» አሉ።

«እናንተ ናችሁ» አልኩ።

ውጤቱ ወጣ። የአጎትየው የመሰላል ፓርቲ ከታች ሁለተኛ ሆነ። ከላይ የወጣው ደግሞ ልጅቷ ራሷ ሞልታ ከላይ የወጣላት አልነበረም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ግራ ገባቸው፤ «በአንድ ቤት ሁለት ፓርቲ?» አሉ። «ቤቱ አንድ ነው፤ እኛ ሁለት ሰው ነን» አለቻቸው ልጅቷ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና የመሰላሉ ፓርቲ ስለ ውሃው ጥያቄ የሰጠውን ማብራሪያ ከፍተው አነበቡ። ፓርቲው በሐሳቡ ይስማማል፤ የፍሳሽ መስመሩ ያን ያህል ውሃ ስለማይችል ነው ይላል።

«የፍሳሹስ እውነት ነው» አሉ። «ክረምት ሲገባ መንገዱን ይሞላዋል። ግን እኔን ከዚህ ካወጡኝ ደንበኛዬ ሸሚዙን ይዞ ከተማ ዳር ይመጣል? ይኼን ቤት ከባሌ ጋር ነው ያቆምነው። አጎትሽስ ይህን እያወቀ ነው ድምፅሽን ስጪኝ ያለኝ?»

ይህን ሲሉ የመኪና በር ተዘጋና ዕጩው ራሱ የዝናብ ኮቱን እያራገፈ ገባ። ደስ የሚል ጎልማሳ ነው፤ ለእኔ ጭምር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ሸሚዞቼ ደረሱ? የማታው ስብሰባ ላይ ልለብሳቸው ነው።»

እትዬ ሸሚዞቹን አውርደው ባንኮኒው ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን ግን ከላያቸው አላነሱም። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደ እኔ ያለውን ላውንድሪ ከሰፈር እናስወጣለን ትላላችሁ?»

«ማን አለ?»

«ፓርቲህ። ይኸው።» ስልኩን አዞሩለት።

አነበበ። ፊቱ ላይ ያየሁት ውሸት ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ፣ ይህን ክፍል አልተከታተልኩትም። እኔ የትምህርቱ ጉዳይ ላይ ነው የምሠራው።»

«እኔም አልጠየቅኩህም ነበር፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አሁን ስማኝ። ሦስት ድምፅ ብዬህ ነበር። ሁለቱ የእኔ አልነበሩም፤ ባለቤቶቹን ሳልጠይቅ ነው የሰጠሁህ፣ መልሼ ወስጃቸዋለሁ። አንደኛው የእኔ ነው፤ እሱንም ገና እያሰብኩበት ነው።»

ሰውየው ተከፋ። «እትዬ፣ ያ ሁሉ ተረሳ ማለት ነው?»

«ሞቼ ነው የምረሳው!» አሉ፤ እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። «ብትታመም ደጅህ የማድረው እኔ ነኝ። ብትቸገር ያለኝን የምሰጥህ እኔ ነኝ። ውለታህ ዕዳው የእኔ ነው፤ በልጄ እጅ አልከፍለውም። በድምፄ ከከፈልኩህማ ያን ጊዜ የረዳኸን ለምርጫ ነበር ልበል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ደንግጦ።

«እኔም አላምንም። ለዚህ ነው የማልከፍልህ።»

ጎልማሳው ሸሚዞቹን ክንዱ ላይ አኖረ። ከዚያ «የፓርቲውን ሰዎች ጠይቄ ነገ መልሱን ይዤልዎት እመጣለሁ» አለ። «መልሱ ባይስማማዎትም እመጣለሁ።» እትዬም ባንኮኒውን ዞረው ወጥተው ጉንጩን ሳሙት፤ እስከ መኪናው ጃንጥላ ያዙለት።

የመጠይቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ለእትዬ ማንን ይምረጡ ብሎ አልወሰነላቸውም፤ እስከ እሁድ ሐሳባቸውን ቢለውጡ አይደንቀኝም። ግን ሕይወታቸውን የሚነካውን ጉዳይ በጊዜ አዩት፣ ፓርቲው ያለውን ከነምክንያቱ አነበቡ፣ ዕጩውም ስለ ላውንድሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ። ልጅቷም የምታስተምረውን ነገር ራሷ መጣሷን አየች። ይህን የመሰለ ነገር በአሥር ደቂቃ ከተገኘ፣ በየቤቱ ቢሞከር ጉዳት የለውም፤ ሞባይሉን የሚይዘው ሰው ለሌላው እስካልመለሰ ድረስ።

ዝናቡ አባርቶ ኮቴን ለብሼ ልሰናበት ስል እትዬ ስልካቸውን አንስተው ወንድ ልጃቸው ጋ ደወሉ። ድምፁ ጎላ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«ልጄ፣ እሁድ ማንን ልትመርጥ አስበሃል?»

ልጁ በስጋት ድምፅ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አመመሽ እንዴ?» አለ።

«ምንም አልሆንኩ» አሉት። «እየጠየቅኩህ ነው።»