ወንበር ሳንቀያየር

— ሄሎ… ማን ልበል?… ጋሼ? ይሄ የማን ስልክ ነው?… የደንበኛ። ጥሩ። ግን እኔና አንተ ተኳርፈን አልነበር?

— የለም፣ ተኳርፈናል። ትናንት ማታ ስንለያይ ሳምንት ሙሉ እንዳታናግረኝ አላልኩህም?

— አይሰማም፣ ጮክ በል… ለምንድነው የምታንሾካሹከው? ፀጉር ቤትህ አይደለህም እንዴ?… ጓሮ ወጥተህ። ፊውዝ፣ እባክህ መዶሻውን ለአንድ ደቂቃ አስቀምጠው፣ ወንድሜ ነው፣ ድምፁ አይሰማኝም… አዎ፣ እሱ ራሱ። ከሃዲው።

— የመብራት ሠራተኛችን ፊውዝ ሰላም ብሎሃል። አይ፣ እሱም ተናዶብሃል።

— ጋሼ፣ የሰፈራችንን የቲያትር አዳራሽ ለማትረፍ ሁለት ወር ተለማመድን። ለአንተ የሰጠሁህ ቀላል ነገር ነበር። አዳራሹን ሊዘጋ የተነሳውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነህ ተጫወት፣ መድረክ ላይ ተቀመጥ፣ «አዳራሹ ተዘግቶ የሕፃናት ማቆያ ይሆናል» በል፣ ከሕዝቡ ጋር ተከራከር፣ ከዚያ ተሸነፍ። ተሸነፍ ነው ያልኩህ። አንተ አሸነፍክ።

— «አፌ ላይ መጣልኝ» ብሎ ነገር የለም። እኔ የጻፍኩልህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

— ደካማ ናቸዋ። ደካማ እንዲሆኑ አስቤ ነው የጻፍኳቸው። አንተ ተነስተህ ስለ አትክልት ሻጯ፣ ልጇን ካርቶን ላይ ስለምታስተኛው… ሰው አለቀሰ እኮ። እናታችን ሳትቀር አለቀሰች። ለአዳራሹ ልትከራከር መጥታ «ይዘጋ» ብላ እጇን አወጣች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል ስለ ልጆቿ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷም ራሷ።

— መብራቱን አታንሳብኝ። መብራቱ ባይጠፋማ ወንበር ትቀያየሩ ነበር። የኛ ቲያትር ሕግ ምንድነው? የተከራከረ ሁሉ መሀል ላይ ተነስቶ ባላጋራው ወንበር ላይ ይቀመጥና ለዚያኛው ወገን ይከራከራል። እጅ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበር ሳንቀያየር ጨለመ፣ ሰዉ «በቃ ቶሎ እጅ እናውጣና እንግባ» አለ፣ እኛም እንደ ጅል በሞባይል መብራት ቆጠርን። በአንድ እጅ ተሸነፍን። በአንድ።

— እሺ፣ ለምን ደወልክ?… ማን ተቀምጧል?

— አትቀልድ።

— እውነተኛው ኃላፊ? አንተ ወንበር ላይ?… አንገቱ ላይ ፎጣ። ፊቱ ላይ አረፋ። አንዱን ጉንጭ ላጭተኸዋል። እና ሌላውን ጉንጭ ትተህ ጓሮ ወጥተህ… ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የማን ስልክ ነው አልከኝ?

— የእሱ። «ደውልላት» ብሎ ሰጠህ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ሳላውቀው ስጮህ ነበር። ጎበዝ።

— ምን ይላል ታዲያ?… ትናንት መጥቶ ነበር? የት ተቀምጦ?… መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮፍያ ደፍቶ። እና ዛሬ ከሰዓት ከነዋሪው ጋር ባለው ስብሰባ ላይ በእሱ ፋንታ እንድትናገርለት ይፈልጋል?… «ከእኔ ይልቅ አንተ እኔን ታውቅበታለህ» አለህ። አየህ ያመጣህብንን?

— አትናገርም። ተቆጥቼ አይደለም። አትናገርም።

— ሌላስ?… ሳሉ? የምን ሳል?… ይቅርታ፣ ሳቄ መጥቶ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰድበው አምሽቶ፣ ቅር ያለው በየዓረፍተ ነገሩ ስለሳልክ ነው?… እኔ ሳል አልጻፍኩም፣ ያንተ ፈጠራ ነው። እኔ የጻፍኩት መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ማድረጉን ብቻ ነው… እሱ ልክ ነው አለ። እንግዲህ።

— ጋሼ፣ ዝም በል። እያሰብኩ ነው… ፊውዝ፣ ለከሰዓት ይደርሳል መብራቱ?… «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ሳይሆን በሽቦው በኩል ንገረኝ… እሺ። ይደርሳል።

— ስልኩን ስጠው… ስጠው ነው የምልህ። አልቆጣውም። ጨዋ ነኝ።

— ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አደሩ?… ነኝ፣ አዘጋጇ እኔ ነኝ… የለም፣ ታናሽ እህቱ ነኝ። ድምፄ ነው የሚያስረጀኝ።

— ስለ ሳሉ ይቅርታ። እናወጣዋለን… መነጽሩ ይቆይ? ይቆያል።

— ወንድሜ በእርስዎ ፋንታ አይናገርም። ይስሙኝ እስቲ። ትናንት ያዩት ግማሹን ነው። አሁን በግማሽ ጢም ወደ ቢሮ ይገባሉ?… አይገቡም። ውሳኔውስ በግማሽ ክርክር እንዴት ይወጣል?

— ከሰዓት ሰዉ ለስብሰባው እዚህ አዳራሽ ሲሰበሰብ የቀረውን እንጨርሰው። ኃላፊውን እርስዎ ራስዎ ይሁኑ። እንዳሻዎ፣ ያለ ሳል። ግን መድረክ ላይ ከወጡ ሕጉ ይይዝዎታል፤ ወንበር ይቀይራሉ… አዎ፣ ለአዳራሹ ይከራከራሉ ማለት ነው። አልደብቅዎትም፣ የምጋብዝዎት ለዚሁ ነው።

— ጽሑፍ የለም። ለወንድሜ ጽሑፍ ሰጥቼ የሆነውን አይተዋል።

— ምን እንደሚሉ ካላወቁ አሁን ይሞክሩት። እኔ እርስዎን ልሁን። «ይሄ አዳራሽ አብዛኛውን ቀን ባዶውን ነው የሚውለው። ምን ይጠቅመናል?» በሉ፣ ይመልሱልኝ።

— … እህ…

— …

— እስቲ ይድገሙልኝ… «ይሄን ሁሉ ዓመት ቢሮ ስቀመጥ የሰማሁት እሺ ጌታዬ ብቻ ነው። ሰው ስለኔ የሚያስበውን የሰማሁት ትናንት፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው።»… ይሄን ማን ጻፈልዎት?

— ማንም። እሺ።

— ይመጣሉ ማለት ነው?… አዳራሹን የሚዘጋውን ደብዳቤስ አልፈረሙትም?… ሰምተው ይወስናሉ። ጥሩ… ግን ምን? ምን ቢሆን ነው የሚመጡት?

— እኔም ወንበር ከቀየርኩ? እኔ አዘጋጅ ነኝ፣ መድረክ ላይ አልወጣም… አልተከራከርኩም… ከመጋረጃው ጀርባ ነው የጮህኩት። መጨረሻው ረድፍ ድረስ ይሰማ ነበር እንዴ?

— አዎ፣ «የተከራከረ ሁሉ» ይላል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ… «በሰፈሩት ቁና»… ተረቱን አውቀዋለሁ፣ አይጨርሱልኝ።

— እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ «አዳራሹ ይዘጋ» እላለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት… እሺ። እሺ አልኩ እኮ። ፊውዝ፣ የሚያስቅ ነገር የለም።

— ወንድሜን ይስጡኝ… አመሰግናለሁ። ይላጩ፣ አረፋው እንዳይደርቅ።

— ጋሼ። ሰማህ?… ስትስቅ ይሰማኛል። ምላጩን ይዘህ አትሳቅ። እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ ትናንት ያልካቸውን አንድ በአንድ ንገረኝ። ከአትክልት ሻጯ ጀምር።

— … ካርቶኑ… ዝናብ ሲመጣ… ቀስ በል፣ እየጻፍኩ ነው። ዝናብ ሲመጣ ልጁን ወዴት ትወስደዋለች?… አንተ ጋ? ፀጉር ቤት?

— እውነተኛ ሴት ናት? ከደጃፍህ የምትቀመጠዋ? እኔ የፈጠርካት መስሎኝ… ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ታስተኛዋለህ። ከመቼ ጀምሮ?… ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

— አዎ። አልጠየቅኩህም።

— ቀጥል… ይሄ እንኳ ልክ ነው… ይሄም ልክ ነው። በጣም ነው የሚያናድደው።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ጋሼ። ትናንት እጅ ሲወጣ አንተ መድረክ ላይ ነበርክ። ወንበር አልቀየርክም፤ ስለዚህ ገና ኃላፊው ነህ። እጅህን አወጣህ?

— ጋሼ።

— «እሱ ነው ያወጣው» አትበለኝ፣ እጁ ያንተ ነው። ያ እጅ ባይኖር እኮ እኩል ለእኩል ነበርን።

— ዛሬስ?… አይ፣ ተወው፣ አትንገረኝ። ዛሬ አንተም ከኔ ፊት ለፊት ትቀመጣለህ፣ ለአዳራሹ ትከራከራለህ፣ እኔም አሸንፍሃለሁ… «ተሸነፊ» አልከኝ? አንተ ትናንት መቼ ተሸነፍክልኝ?

— ሂድ ላጨው። ፊውዝ፣ ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት አድርግልኝ… እሱን አይደለም፣ ያ ይነቃነቃል። እሱን ለወንድሜ… በል ጋሼ፣ ዘጋሁት።