ለሙስአብ የሚላከው ስንቅ

በበርበሬ በረንዳ ነጋዴው ባህረዲን ሚዛን እንደማያጭበረብሩ፣ ለልጃቸውም ስስት እንደማያውቁ ሁሉም ይመሰክርላቸዋል። ልጃቸው ሙስአብ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ግን ደግነታቸው መንገድ ስቶ ነበር፤ ይህን ያላወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ታቅፈው፣ ልጃቸው ወዳለበት ከተማ የሚሄድ የአይሱዙ ሾፌር መሳለሚያ ላይ ይጠብቁ ነበር። ከሚኒባስ የወረደችው ሱንዱስ ፊታቸው ድቅን አለች። የጎረቤታቸው የጠይባ ልጅ ናት፤ እሷም እዚያው ግቢ አንደኛ ዓመት ትማራለች፤ ለእህቷ ኒካህ መምጣቷ ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላም ዓይኗ ከጥቅልሉ ላይ አልነሳ አለ።

«ለሙስአብ ነው?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ? ፈተና ደርሷል። እኔ ጆንያ በምሸከምበት ዘመን ሌሊቱን ያነጋሁት በዚህ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ጆንያ ጠዋት ተነስቶ ጥያቄ አይጠይቅም።»

ባህረዲን ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሙስአብ መርቅኖ ሲያነብ አድሮ ሲነጋ ክፍል ውስጥ ተደፍቶ እንደሚተኛ፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ካፌ መግባት እንደተወ፣ ሰሞኑን በተሰጠ ፈተናም ወረቀቱን ባዶውን መልሶ እንደወጣ ነገረቻቸው።

«እኔን ምን አደረገኝ? ይኸው ቆሜያለሁ» አሉ ቆጣ ብለው።

«ቆመዋል። ጨጓራዎን ይዘው ነው የቆሙት እንጂ። ባለቤትዎ እትዬ ሐጀራ በየጠዋቱ አብሽ የሚያጠጡዎ ለምን ሆነና?»

አባት ልጁን የሚለካው ራሱ ባለፈበት ሸክም ነው። ባህረዲን ሌሊት ሠርተው ሱቅ ስለከፈቱ የሚተኛ ሁሉ ሰነፍ ይመስላቸዋል፤ ሱቁን ሲያገኙ ጤናቸውን እንዳጡ ግን ለማንም ነግረው አያውቁም።

«በየማታው እደውልለታለሁ እኮ፤ ለምን አልነገረኝም?»

«ሲደውሉ ምን ይሉታል?»

የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ አነበብክ ወይ?

ሱንዱስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እሷም መጀመሪያ ሰሞን ዶርም ውስጥ ብቻዋን ታለቅስ እንደነበር፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን አማካሪ ሄዳ ካነጋገረች በኋላ እንደቀለላት አጫወተቻቸው።

«ሙስአብንም አብረን እንሂድ ብዬው ነበር። ‹ደክሞኛል ካልኩ አባቴ ሰነፈ ይለኛል፤ የላከልኝንም እንዴት እመልሳለሁ?› አለኝ። ጋሼ፣ ልጁ የሚቅመው እርስዎን ላለማሳፈር ነው።»

ይህች ቃል አንጀታቸውን በላችው። ሾፌሩ መጥቶ ክላክስ ቢያደርግ በእጃቸው «ሂድ» አሉትና ስልካቸውን አወጡ።

«ሙስአብ፣ ሌሊቱን ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም አባዬ። አሞኛል።»

«እንግዲያው ዛሬ ንባቡ ይቅር። ብላና ተኛ። ሱንዱስ ስትመለስ ደግሞ አማካሪዋ ጋ ትወስድሃለች፤ እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ሙስአብ በአንድ ጀንበር አልዳነም። ጫቱን የተወው ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ነው። ቁርስ መብላትና ሌሊት መተኛት ከለመደ በኋላ ግን ቀን ያነበበው ጭንቅላቱ ውስጥ መቆየት ጀመረ፤ የከበደውን ከጓደኞቹ ጋር ይጠያየቃል፤ ሴሚስተሩንም ውጤቱ ባይደምቅም አልፏል። ዛሬ በረንዳው ላይ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ነጋዴ ሲገኝ ባህረዲን ሚዛናቸውን ትተው ይነሱና እንዲህ ይሉታል፦ «መጀመሪያ እንቅልፉን ጠይቀው። ደህና ከሆነ ትምህርቱን ራሱ ይነግርሃል።»