አፋቺው ሽማግሌ

ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጻካኔ የሚባል ሠፈር ላለ ወዳጄ መጽሐፍ አድርሼ ወደ ታክሲው ስመለስ በረዶ ያዘኝ። የዚህ የተሰደድንበት አገር በረዶ ቀልድ አያውቅምና ሮጬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ስፓዛ፣ ማለት የሠፈር ሱቅ፣ ገባሁ። ባለሱቁ የማውቃቸው ሰው ሆነው ተገኙ፤ አቶ ዱካሞ ይባላሉ፣ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ፣ በቤተክርስቲያናቸው በሽማግሌነት የሚያገለግሉ ጭምት ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ጭምትነታቸው የት እንደሄደ እንጃ፣ ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው ልጃቸው ከፊቤ ጋር አንድ ነጭ ጄሪካን ይጓተቱ ነበር።

«እንኳን መጡ መምህር፣ ይፍረዱኝ» አሉኝ። ድሮ አስተማሪ ነበርሁ፤ ዛሬ ፎርድስበርግ ብርድ ልብስ እየሸጥሁም ከዚህ ስም አልዳንሁም።

«ምን ተፈጠረ?»

«ይህ ከደርባን የመጣ የባህር ውሃ ነው። የሠፈሩ ሰው እየጠጣ ያስመልሰዋል፣ ደጃፉ ላይ ይረጨዋል፣ ክፉ መንፈስ ያባርራል ይላል። የኔ ልጅ ከስኳር ጆንያ ኋላ ደብቃው አገኘሁት። እኔ ምእመናንን ከጥንቆላ የምመክር ሰው ነኝ። ወይ ውሃው ይደፋል፣ ወይ እሷ ትምህርቷን ትታ ጀርሚስተን ከተማ አክስቷ ሱቅ ትገባለች።»

«ለምን እንዳመጣችው ጠይቀዋታል?»

«ማስረጃው በእጄ እያለ ምን እጠይቃለሁ?»

እውነት ለመናገር፣ ደርባን የሄደ የዚህ አገር ሰው ብዙውን ጊዜ ጠርሙስ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ አቶ ዱካሞ በመጠርጠራቸው አልፈርድባቸውም፤ ሳይጠይቁ መፍረዳቸው ግን አናደደኝ። የብዙዎቻችን አመል ነው፤ ልጅ እናስተምራለን፣ ምን ተማርሽ ብለን አንጠይቅም።

ፊቤ ጄሪካኑን አልለቀቀችም። «አባዬ፣ ሰኞ ምርምሬ የሚገመገመው በዚህ ውሃ ነው። ከደፉት ለግምገማው የሚበቃ ሌላ የለኝም። ከእሱ ነዳጅ እናወጣለን።»

«እሳት በውሃ ይጠፋል እንጂ፣ እሳት ከውሃ ያወጣ ማን ነው?»

«ውሃ ማለት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚባሉ ሁለት ነገሮች ተጋብተው የሚኖሩበት ቤት ነው። ሃይድሮጅኑ ለብቻው ሲወጣ ይነዳል። እኛ ልዩ ዱቄት የተቀባ ሰሌዳ ውሃው ውስጥ እንከትና ፀሐይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ዱቄቱ ብርሃኑን ተቀብሎ ሁለቱን ያለያያል፤ ራሱ ግን አያልቅም። እርስዎ ለሽምግልና ሰው ቤት ገብተው፣ ጉዳዩን ጨርሰው፣ እንደገቡ እንደሚወጡት ነው።»

የአቶ ዱካሞ ፊት ጠቆረ። «ሠላሳ ዓመት ሳስታርቅ ኖሬ አፋቺ ሽማግሌ ልትይኝ ነው?»

ምሳሌዋ ገደል ገባ ብዬ ነበር፤ ልጅቱ ግን አልደነገጠችም። «የሚያፋታቸው ተመልሰው እንዲታረቁ ነው፣ አባዬ። ሃይድሮጅኑ ሲነድ አየሩ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይገናኝና መልሶ ውሃ ይሆናል። ጭስ የለውም።»

«ይሁን። ቧንቧ እያለ ደርባን ምን አስኬደሽ?»

«ቧንቧችን ስንት ቀን ደርቆ ይውላል? ለመጠጥ ያነሰንን ውሃ ለነዳጅ ማዋል ነውር ነው። ባህሩ አይጎድልም። ችግሩ ጨው ነው፤ ሰሌዳውን ይበላዋል። የኔ ጥናት ዱቄቱ ጨውን እንዲችል ማድረግ ነው።»

«በዚህስ ስንት ቤት በራ?»

«አንድም። ገና ነው። የምናገኘው ጥቂት ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው።»

ይህን መልስ ወደድሁላት። አታላይ ሰው ገና ነው አይልም።

«ታዲያ ላልደረሰ ነገር ዕድሜሽን ለምን ትጨርሻለሽ?»

ፊቤ በበሩ ወደ ውጭ አየች። በረዶው አባርቶ ነበር። «በእማዬ ምክንያት ነው» አለች።

እናቷ ወይዘሮ ኤርጎጌ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን አቶ ዱካሞ ሌባ ፈርተው ጄኔሬተሩን ወደ ቤት አስገብተው ነበር፤ ዕቃ ሊያመጡ ጀርሚስተን ደርሰው ሲመለሱ ባለቤታቸውን ጭሱ ገድሏቸው አገኙ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፊት ለፊታቸው ያነሳው ሰው ግን አልነበረም።

«ለቅሶ የመጣው ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አለ» ብላ ቀጠለች። «እኔ ጭሱ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ጭስ የሌለውን ፍለጋ ገባሁ። ሃይድሮጅን በልዩ መሣሪያ አልፎ መብራት ሲሆን የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው። ያልነገርኩዎት ቁስልዎን መንካት ፈርቼ ነው።»

አቶ ዱካሞ ጄሪካኑን ለቀቁት።

ወደ ጓሮ ወሰደችን። ፀሐይ ወጥታ ነበር። በረዶውን ፈርታ ከጣራ ሥር ያስገባችውን የመስታወት ዕቃ አውጥታ ፀሐይ ላይ አኖረችው፤ ከሰሌዳው ላይ ደቃቅ አረፋ ይነሳ ጀመር። ከዚያ በሦስት ቀን ሃይድሮጅን ያጠራቀመችበትን ቀጭን ብልቃጥ ደፍታ ይዛ አፉ ላይ ክብሪት ጫረች። ጧ አለ። የብልቃጡ ውስጥ ያላበው መሰለ።

አባት ጣታቸውን ከትተው እርጥበቱን ጠረጉና አሸተቱት። «ጭስ ጭስ አይልም» አሉ። «ይህ ያኔ ኖሮ ቢሆን...» መጨረስ አቃታቸው፤ እዚያው ቆመው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፣ አላፍርበትም።

«ያኔ አልነበረም አባዬ» አለች ፊቤ። «አሁንም አልደረሰም። ጄኔሬተርን ደጅ ማውጣት ግን ዛሬም ይቻላል።»

በማግስቱ እሑድ አቶ ዱካሞ ጉባኤው ፊት ቆሙ አሉ። «ኤርጎጌ የሞተችው እኔ ወደ ቤት ባስገባሁት ጄኔሬተር ነው። ሌባ የሚወስደው ዕቃ ብቻ ነው። የናንተን ዛሬውኑ ደጅ አውጡ፣ የልጆቻችን ነዳጅ እስኪደርስ» ብለው ተቀመጡ። ያን ሳምንት ከአሥር የሚበልጡ ባለሱቆች ጄኔሬተራቸውን አውጥተው ውጭ በሰንሰለት አሰሩ። ፀሐይና ባህር ያለው አገር ጭስ የማይገድልበት ጓዳ፣ ለመጠጥ የሚተርፍ ቧንቧ እንዲኖረው እንዲህ ያሉ ልጆች ያስፈልጉታል፤ ልጆቹም የሚጠይቃቸው አባት ያስፈልጋቸዋል።

ሰኞ ጠዋት ጄሪካኑን ተሸክመው ልጃቸውን የሸኙት አቶ ዱካሞ ራሳቸው ናቸው። ታክሲው ውስጥ አንዲት አሮጊት፣ በአገሩ አጠራር ጎጎ፣ ጄሪካኑን አይተው፣ የባህር ውሃ መሆኑን ገምተው፣ «ማን ታሞባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልታመመም ጎጎ» አሉ አቶ ዱካሞ። «ለመብራት ነው።»